በልጅነት አሜሪካ የገባና ወረቀት የሌለው ልጅ ያለው የሕግ ከለላ፦ ለቤተሰብ የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ በዋናነት የተጻፈው ለልጆቹ ሳይሆን ለወላጆችና ለአሳዳጊዎች ነው። ልጆቹ እንግሊዝኛውን ከእኛ አብልጠው ያነቡታል፤ ነገር ግን በየትኛው ቪዛ እንደገቡ፣ አየር ማረፊያው ላይ ምን ወረቀት እንደተሰጣቸው፣ በማን የጥገኝነት ማመልከቻ ውስጥ ስማቸው እንደሰፈረ የሚያውቁት ያመጧቸው ሰዎች ናቸው። ብዙ ልጅ ወረቀት እንደሌለው የሚረዳው በ16 ዓመቱ መንጃ ፈቃድ ላውጣ ሲል፣ አለዚያም 12ኛ ክፍል ደርሶ ለኮሌጅ የገንዘብ ድጋፍ ሲያመለክት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ሲጠየቅ ነው። ከዚያ ቀን በፊት ይነገረው የምለው ለልቡ ብቻ በማሰብ አይደለም። ከዚህ በታች ከሚነሡት መንገዶች አንዳንዱ በ18 ዓመት፣ አንዳንዱ በ18 ዓመት ከስድስት ወር፣ አንዳንዱ ደግሞ በ21ኛው የልደት ቀን የሚዘጋ በመሆኑ፣ በዝምታ ያለፈው ጊዜ ተመልሶ ስለማይገኝ ነው።

ሌላ ካልተባለ በቀር ቀኖቹና ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የተጻፈው ሁሉ የአሜሪካን ሕግ የሚመለከት ሲሆን፣ ሕጉም በተለይ ከ2017 ወዲህ ከፍርድ ቤት ፍርድ ቤት ሲንከራተት የኖረ ስለሆነ፣ ማንኛውም ማመልከቻ ከመላኩ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ከጠበቃ ጋር ማጣራት የሥራው አንድ ክፍል ነው።

በሐበሻው ዘንድ ወረቀት የሌለው ወጣት ጉዳይ ሲነሣ ወዲያው የሚጠራው «ዳካ»፣ ማለትም በልጅነት የገቡ ወጣቶችን ለጊዜው ከመባረር የሚጠብቀው የመንግሥት እርምጃ ነው። ዳካ ግን፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ ዛሬ ትምህርት ቤት ላሉት ልጆች ከሞላ ጎደል የማይደርስ ከለላ ነው። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ልጁ ለዳካ ይበቃል ወይ የሚለው ሳይሆን በምን በር ገባ የሚለው ነው።

1ኛ ደረጃ፦ ልጁ እንዴት እንደገባ ያረጋግጡ

በአውሮፕላን መጥቶ፣ በጎብኚ ወይም በተማሪ ቪዛ መኮንን ፊት ቀርቦ፣ ፓስፖርቱ ላይ ማኅተም የተመታለትና ከዚያ በኋላ የቆይታ ጊዜው ያለፈበት ልጅ በሕጉ ዓይን ተመርምሮ የገባ ነው። ከብራዚል ተነሥቶ የዳሪየንን ጫካ አቋርጦ በሜክሲኮ ድንበር ማንም ሳይመረምረው የገባ ልጅ ደግሞ ሌላ ነው። በሰፈር ወሬ ሁለቱም «ወረቀት የላቸውም» ይባላሉ፤ ሕጉ ግን የሚያያቸው በጣም በተለያየ ዓይን ነው።

ተመርምሮ የገባው ልጅ፣ አሜሪካዊ ዜጋ የሆነ ወላጅ ካለውና ዕድሜው ከ21 በታች ሆኖ ካላገባ፣ ወይም ኋላ አድጎ አሜሪካዊ ዜጋ ካገባ፣ ቪዛው ያለፈበት ቢሆንም፣ ያለ ፈቃድ ሠርቶም ቢሆን፣ ከአገር ሳይወጣ ግሪን ካርድ ለማመልከት ይችላል። ለእነዚህ የቅርብ ዘመዶች የቪዛ ቁጥር ወረፋ የለባቸውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ፤ የእንጀራ ልጅም እንደ ልጅ ይቆጠራል፤ ነገር ግን ጋብቻው የተፈጸመው ልጁ 18 ዓመት ከመሙላቱ በፊት መሆን አለበት። ዜጋ የሆነ ሰው ልታገባ ያሰበች እናት ልጇ 17 ዓመት ከመንፈቅ ከሆነው፣ ሠርጉን ለፋሲካ ማዋሉና ለጥምቀት ማቆየቱ በልጁ ሕይወት ላይ የሚያመጣውን ልዩነት አስቀድማ ማወቅ ይኖርባታል። ጋብቻው እውነተኛ መሆን እንዳለበት መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

ሳይመረመር የገባው ልጅ ግን ዜጋ ቢያገባም እንኳ በአብዛኛው ቪዛውን ከአሜሪካ ውጭ ካለ ኤምባሲ መውሰድ ይገደዳል። ችግሩ የሚጀምረውም ሲወጣ ነው፤ ከ180 ቀን በላይ ያለ ሕጋዊ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ቆይቶ የወጣ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ይህ ሕገ ወጥ ቆይታ መቆጠር የሚጀምረው ከ18ኛው ልደት ወዲህ ነው። ስለዚህ ቪዛ የሚያስገኝ የቤተሰብ ማመልከቻ የተፈቀደለት ልጅ 18 ዓመት ከስድስት ወር ሳይሞላው ወጥቶ ቪዛውን ቢወስድ ይህ እገዳ አይነካውም፤ ከዚያ ካለፈ ግን ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ በእገዳው ምክንያት እጅግ እንደሚጎዳ አስረድቶ አስቀድሞ ይቅርታ ማግኘት ያስፈልጋል።

እንግዲህ ለዚህ ሁሉ ማስረጃ የሚሆነው አይ-94 የሚባለው የመግቢያ መዝገብ ነው። ከ2013 በፊት በአውሮፕላን የገቡት ፓስፖርታቸው ላይ የተያያዘች ትንሽ ነጭ ካርድ ነበረቻቸው፤ ከዚያ ወዲህ መዝገቡ በኮምፒዩተር ሆኖ ከጉምሩክና ድንበር ጥበቃ ድረ ገጽ በነጻ ይወጣል። ጊዜው ያለፈበትን የልጁን ፓስፖርት በምንም ምክንያት አይጣሉ፤ ኤምባሲ ሄደው አዲስ ሲያወጡም አሮጌው እንዲመለስልዎ ይጠይቁ፤ የቪዛው ገጽና ማኅተሙ ያሉት እዚያ ላይ ነው።

2ኛ ደረጃ፦ መንግሥት ስለ ልጁ ምን መዝገብ እንዳለው ይወቁ

አዲስ ማመልከቻ ከመሞላቱ በፊት ቀድሞ የገባውን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ10 ዓመት በፊት ፎርም የሞላ ሰው ምን እንደጻፈ ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ መዝገቡ ግን ያስታውሳል፤ ሁለቱ ካልተጣጣሙም ልጁ እንደ ዋሸ ይቆጠራል። የመረጃ ነጻነት ሕጉ በሚፈቅደው መሠረት የልጁን ሙሉ ፋይል ከዜግነትና ኢሚግሬሽን አገልግሎት በኢንተርኔት፣ ያለ ክፍያ መጠየቅ ይቻላል፤ የመግቢያ መዝገብ ከድንበር ጥበቃው፣ የፍርድ ቤት መዝገብ ደግሞ ከኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቶች አስተዳደር ለየብቻ ይጠየቃል።

ልጁ በድንበር ሲገባ ተይዞ ከነበረ፣ ወይም ብቻውን ተይዞ በመንግሥት መጠለያ ቆይቶ ለዘመድ የተሰጠ ከሆነ፣ ያለ ጥርጥር በኤ ፊደል የሚጀምር የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶታል፤ ምናልባትም ሳያውቀው የፍርድ ቤት ቀጠሮ አምልጦት በሌለበት ከአገር እንዲወጣ ተወስኖበት ይሆናል። ይህን በ1-800-898-7180 ደውሎ ቁጥሩን በማስገባት ማወቅ ይቻላል። የቀጠሮው ማስታወቂያ በትክክል ካልደረሰው ጉዳዩ እንደገና እንዲከፈት በማንኛውም ጊዜ መጠየቅ ይችላል፤ ደርሶት በከባድ ምክንያት ከቀረ ግን ያለው ጊዜ ከውሳኔው ጀምሮ 180 ቀን ነው። እንዲህ ዓይነት ውሳኔ ያለበት ሰው ጠበቃ ሳይዝ ወደ የትኛውም የኢሚግሬሽን ቢሮ መሄድ የለበትም።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ምርመራው የሚያመጣው መልካም ዜና ነው። ግሪን ካርድ ኖሮት ከወላጁ ጋር የሚኖር ልጅ 18 ሳይሞላው ወላጁ ዜግነት ካገኘ፣ ከፌብሩዋሪ 27 ቀን 2001 ጀምሮ በሚሠራው ሕግ መሠረት ልጁም ያለ ምንም ማመልከቻ በዚያው ቅጽበት ዜጋ ሆኗል። ካርዱ ጠፍቶበት «ወረቀት የለኝም» እያለ የሚኖር ወጣት በእርግጥ ዜጋ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን ከመከልከሏ በፊት በአሜሪካውያን ቤተሰቦች የተወሰዱ ልጆችም ጉዲፈቻቸው በምን ዓይነት ቪዛ እንደተፈጸመና በስቴቱ ፍርድ ቤት እንደገና መጽደቅ ያስፈልገው እንደነበር ማጣራት ይገባቸዋል።

3ኛ ደረጃ፦ የልደት ቀኑንና ስሙን ያስተካክሉ

ይህ ክፍል የትኛውም የእንግሊዝኛ መመሪያ የማይነግርዎ ነው፤ በእኛ ቤት ግን ከጠበቃ ክፍያ የማይተናነስ ጉዳት ያመጣል። የኢትዮጵያን ዘመን ወደ ፈረንጅ ለመለወጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 መደመር እንደሚገባ እናውቃለን፤ ቸኩሎ የሞላ ሰው ግን ሁሉንም 7 ይደምርበታል። ለምሳሌ ጳጉሜን 3 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ የፈረንጅ ልደቱ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1998 ነው። 7 ደምሮ 1997 ያስገባ አስተርጓሚ ልጁን በአንድ ዓመት አስረጅቶታል ማለት ነው፤ ዓመቷም 21 የሚለው ገደብ ላይ ስትደርስ ዋጋዋ ይታወቃል። ፓስፖርቱ፣ የትምህርት ቤት መዝገቡ፣ የክትባት ካርዱና የቀድሞው ማመልከቻ አንድ ዓይነት ቀን መያዛቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ያነጻጽሩ። ልዩነት ካለ ደብቆ ማለፍ አይበጅም፤ የዘመን አቆጣጠሩን የሚያብራራ አጭር ቃለ መሐላ ከመቀየሪያው ሰንጠረዥ ጋር አያይዞ ማቅረብ ይሻላል።

የልደት ምስክር ወረቀትም የራሱ ጣጣ አለው። በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ ሥራ የጀመረው በ2016 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የተወለዱ ልጆች ያላቸው ከማዘጋጃ ቤት ወይም ከቀበሌ ዘግይቶ የወጣ ወረቀት ነው። ዘግይቶ የወጣን ወረቀት የኢሚግሬሽን መኮንን በጥርጣሬ ያየዋልና፣ የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ የሆስፒታል የክትባት ካርድ፣ የድሮ የትምህርት ቤት ሰርተፍኬትና ልደቱን የሚያውቁ ዘመዶች ቃል አብረው ይቅረቡ። በአማርኛ የተጻፈው ሁሉ በሙሉ ተተርጉሞ፣ ተርጓሚው ሁለቱንም ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ማረጋገጥ አለበት።

ስምን በተመለከተ፣ አባትና ልጅ «የቤተሰብ ስም» የማይጋሩ መሆናቸው አሜሪካዊውን መኮንን ግራ ያጋባዋል፤ የልጁ የመጨረሻ ስም የአያቱ፣ የአባቱ የመጨረሻ ስም የቅድመ አያቱ፣ የእናቱ ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነው። ዝምድናን ማስረዳት በሚያስፈልግበት ማመልከቻ ሁሉ ላይ የአሰያየማችንን ሥርዓት በአንድ አንቀጽ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጨመር። አንዱ ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው ላይ በሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል የተጻፈ ስምም ፎርሙ «ሌሎች የተጠቀሙባቸው ስሞች» በሚልበት ቦታ በሙሉ ይዘርዘር።

4ኛ ደረጃ፦ ዳካ ለማን እንደሆነ ለይተው ይወቁ

ዳካ በኮንግረስ የወጣ ሕግ አይደለም። በልጅነት የገቡ ወጣቶችን ሕጋዊ ለማድረግ የታሰበው ድሪም አክት የተባለው ረቂቅ ከ2001 ጀምሮ ለኮንግረስ ሲቀርብ ኖሮ በ2010 መጨረሻ በታችኛው ምክር ቤት ካለፈ በኋላ በሴኔት 55 ድምፅ ብቻ አግኝቶ፣ የሚያስፈልገው 60 ስለነበር ወደቀ። በጁን 15 ቀን 2012 የአገር ውስጥ ደኅንነት ሚኒስትሯ ጃኔት ናፖሊታኖ ያስታወቁት እርምጃ ይህን ክፍተት ለጊዜው ለመሸፈን የታሰበ ነበር፤ መንግሥት እነዚህን ወጣቶች ለሁለት ዓመት ላለማባረር ይወስናል፣ የሥራ ፈቃድም ይሰጣል። ግሪን ካርድም ሆነ ዜግነት ግን በራሱ አያስገኝም።

መስፈርቶቹ እነዚህ ናቸው። አመልካቹ 16 ዓመት ሳይሞላው አሜሪካ የገባ፣ በጁን 15 ቀን 2012 ዕድሜው ከ31 በታች የነበረ፣ ከጁን 15 ቀን 2007 ጀምሮ ሳያቋርጥ የኖረ፣ በጁን 15 ቀን 2012 በአሜሪካ ምድር ተገኝቶ ሕጋዊ ፈቃድ ያልነበረው፣ ተማሪ ወይም ሁለተኛ ደረጃን ወይም አቻውን ፈተና ያጠናቀቀ ወይም ከውትድርና በክብር የተሰናበተ፣ ከባድ ወንጀል፣ ወይም ዳካ «ጉልህ» የሚለው ቀላል ወንጀል፣ ወይም ሦስትና ከዚያ በላይ ሌሎች ቀላል ወንጀሎች የሌሉበት መሆን አለበት። 2007 የሚለውን ዓመት ልብ ይበሉ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ልጅ፣ ምንም ያህል ትንሽ ሆኖ ቢመጣ፣ አይመለከተውም። ዛሬ ሁለተኛ ደረጃ የሚያጠናቅቁ ወረቀት የሌላቸው ልጆች ሁሉ ለማለት ይቻላል ከዳካ ውጭ የሆኑት ለዚህ ነው።

የፍርድ ቤቱ ታሪክ ረጅም ነው። በሴፕቴምበር 2017 መንግሥት ሊያቋርጠው ተነሣ፤ በጁን 18 ቀን 2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አቋራረጡ ሥርዓት የጎደለው ነው ብሎ ሻረው። በጁላይ 16 ቀን 2021 የቴክሳስ ፌዴራል ዳኛ አንድሩ ሄነን ዳካ ራሱ ሕገ ወጥ ነው ብለው ወሰኑ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ማመልከቻዎች ቢገቡም ውሳኔ አይሰጣቸውም፣ ያለው ብቻ ይታደሳል። በጃንዋሪ 17 ቀን 2025 የአምስተኛው ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ያለማባረሩን ክፍል ከሥራ ፈቃዱ ለይቶ፣ የሥራ ፈቃዱን ሕገ ወጥ ብሎ፣ የውሳኔውን ተፈጻሚነት ግን በቴክሳስ ወሰነው፤ አፈጻጸሙም ወደ ዳኛ ሄነን ተመለሰ። በዳላስና በሂዩስተን ያላችሁ ባለ ዳካዎች፣ እንዲሁም ለሥራ ብላችሁ ወደ ቴክሳስ ለመዛወር ያሰባችሁ፣ ይህን ጉዳይ ከጠበቃ ጋር ሳትመክሩ እርምጃ አትውሰዱ።

ያለውን ለማደስ የሚሞሉት አይ-821ዲ፣ አይ-765 እና የሥራ ፈቃዱ አባሪ ቅጽ ናቸው፤ በአይ-765 ላይ የሚገባው መለያ ሲ-33 ነው። ከኤፕሪል 1 ቀን 2024 በወጣው ታሪፍ ክፍያው በኢንተርኔት 555፣ በወረቀት 605 ዶላር ስለሆነ በኢንተርኔት መሙላቱ ይመረጣል፤ ከመክፈልዎ በፊት ግን የዕለቱን ታሪፍ ይመልከቱ። ማመልከቻው ካርዱ ከሚያልፍበት ቀን ከ150 እስከ 120 ቀን ቀድሞ እንዲገባ ይመከራል። ካለፈበት አንድ ዓመት ከሞላ እንደ አዲስ አመልካች ስለሚቆጠር፣ አዲስ ማመልከቻ በማይወሰንበት በዚህ ጊዜ ከጨዋታ ውጭ መሆን ማለት ነው። ስልክዎ ላይ ማስታወሻ ይሙሉ። አድራሻ ሲቀየርም በ10 ቀን ውስጥ ያስመዝግቡ፤ የአሻራ ቀጠሮ ደብዳቤ የድሮ አፓርታማ ደርሶ የቀረበት ሰው ማመልከቻው እንደተተወ ይቆጠርበታል።

ዳካ ያለው ሰው በአይ-131 ቅጽ አስቀድሞ አስፈቅዶ ለሰብአዊ ጉዳይ፣ ለትምህርት ወይም ለሥራ ከአገር ሊወጣ ይችላል። አያቱ አዲስ አበባ ታመውበት በዚህ ፈቃድ ሄዶ የተመለሰ ወጣት በፓሮል፣ ማለትም በጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ የገባ ስለሚሆን፣ ቀድሞ ሳይመረመር ገብቶ የነበረ ቢሆን እንኳ ዜጋ የሆነ የትዳር ጓደኛው ሲያመለክትለት ከአገር ሳይወጣ ግሪን ካርድ የማመልከቱ በር ይከፈትለታል። ሆኖም ፈቃዱ የመመለስ ዋስትና አይደለም፤ ከአገር እንዲወጣ የተወሰነበት ወይም የወንጀል መዝገብ ያለበት ሰው በዚህ መሄድ የለበትም።

5ኛ ደረጃ፦ ሌሎቹን በሮች አንድ በአንድ ይፈትሹ

በእኔ ግምት ቤተሰቦቻችን ሳያውቁት የሚያልፋቸው ትልቁ መንገድ «ልዩ ስደተኛ ታዳጊ» የሚባለው ነው፤ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ኤስ.አይ.ጄ. ይሉታል። በአንድ ወይም በሁለቱም ወላጆቹ በደል የደረሰበት፣ የተረሳ ወይም የተጣለ ልጅ ለግሪን ካርድ የሚያበቃው ሕግ ነው። «አንድ ወይም» የሚለው ቃል ወሳኝ ነው። ከእናቱ ጋር ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ አባቱ ግን ከተወለደ ጀምሮ ዞሮ ያላየውና ቀለብ ያልቆረጠለት ልጅ በብዙ ስቴቶች ሊያመለክት ይችላል። አባት ወይም እናት የሞተበት ልጅም በስቴቱ ሕግ ተመሳሳይ ምክንያት ተብሎ የሚታይበት ሁኔታ አለ።

አሠራሩ ሁለት እርከን አለው። መጀመሪያ የስቴት ፍርድ ቤት፣ በአሳዳጊነት ጉዳይ ላይ እንደሚያደርገው፣ ከዚያ ወላጅ ጋር መገናኘቱ እንደማይቻልና ወደ አገሩ መመለሱ ለልጁ እንደማይበጅ ይወስናል። ከዚያ ይህ ውሳኔ ከአይ-360 ቅጽ ጋር ለኢሚግሬሽን ይላካል፤ አይ-360 ልጁ 21 ሳይሞላው መግባት አለበት፤ ልጁም እስኪወሰን ድረስ ማግባት የለበትም። የስቴት ፍርድ ቤቶች በብዙ ቦታ ከ18 በላይ የሆነን አይቀበሉም፤ ሜሪላንድ፣ ኒውዮርክ፣ ካሊፎርኒያና ዋሽንግተን ስቴት ግን እስከ 21 የሚያስኬድ መንገድ አላቸው። እስከ 2025 ነጻ የነበረው ማመልከቻ በዚያ ዓመት በወጣው ሕግ 250 ዶላር ተጥሎበታል። የዚህ መንገድ ጸጋው ሳይመረመር የገባንም ልጅ መቀበሉ ነው። ሸክሙ ደግሞ የቪዛ ወረፋው ዓመታት መፍጀቱ፣ እንዲሁም ልጁ ኋላ ዜጋ ቢሆን እንኳ በዚህ መንገድ ግሪን ካርድ በማግኘቱ የተነሣ ለወላጆቹ፣ ምንም ላላጠፋችው እናቱም ጭምር፣ ፈጽሞ ማመልከት አለመቻሉ ነው። ይህን አስቀድሞ ለእናቲቱ መንገር የጠበቃው ግዴታ ነው፤ ካልነገሯት እርስዎ ይጠይቁ።

ወላጆች ጥገኝነት ጠይቀው ዓመታት በሚጠብቁበት ቤት ልጁ በማመልከቻው ውስጥ ተካቶ እንደሆነ ይታይ። ማመልከቻው በገባበት ቀን ከ21 በታች የነበረ ልጅ ወረፋው ቢረዝምና ቢያድግም መብቱ አይቃጠልም። የሚያቃጥለው ጋብቻ ነው። ወላጁ ጥገኝነቱ ሳይፈቀድለት በማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ውል የተፈራረመ ልጅ ከማመልከቻው ይወጣል፤ ሠርጉን ለሰዎች ደስታ ብሎ ማፋጠን ከባድ ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል። የ2025ቱ ሕግ በጥገኝነት ጠያቂዎች ላይ በየዓመቱ የሚታሰብ የ100 ዶላር ክፍያም ስላመጣ፣ የክፍያ ማስታወቂያ ሲመጣ አይናቅ። ልጁ በራሱ ስም የሚጠይቅ ከሆነ ደግሞ ጥገኝነት በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ይጠየቅ የሚለው ገደብ 18 ሳይሞላው ያለፈውን ጊዜ እንደ በቂ ምክንያት ሊያይለት ይችላል፤ 18 ከሞላ በኋላ ግን ሳይዘገይ ማስገባት አለበት።

ከዚህ ሌላ፣ በአሜሪካ ምድር የከባድ ወንጀል ሰለባ ሆኖ ከፖሊስ ጋር የተባበረ ልጅ የዩ ቪዛ፣ በሰው ንግድ ሰለባነት ያለ ክፍያ ቤት ውስጥ እንዲሠራ የተገደደ ልጅ የቲ ቪዛ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ወላጅ ወይም የእንጀራ ወላጅ የሚያሰቃየው ልጅ ደግሞ ያለ ወላጁ ዕውቀት በራሱ የሚያስገባው ማመልከቻ አለው። በ«አክስቴ ቤት» ስም መጥተው ሞግዚት ሆነው የቀሩ ልጃገረዶችን ጉዳይ ቤተ ዘመድ አፍኖ መያዙ ልማድ ቢሆንም፣ ሕጉ የሰው ንግድ ሊለው ይችላል። ለኢትዮጵያውያን በዲሴምበር 2022 ተሰጥቶ የነበረው ጊዜያዊ ከለላ፣ ቲ.ፒ.ኤስ.፣ የተራዘመው እስከ ዲሴምበር 12 ቀን 2025 ነበር፤ መንግሥት እንዲቋረጥ የወሰነበት ስለሆነ ዛሬ ያለበትን ደረጃ ሳያጣሩ በእርሱ አይመኩ።

6ኛ ደረጃ፦ ያለ ወረቀትም ያሉትን መብቶች ይጠቀሙ

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 15 ቀን 1982፣ ዳካ ከመታወጁ በቀን ሳይዛነፍ 30 ዓመት አስቀድሞ፣ ፕላይለር በተባለው ጉዳይ ወረቀት የሌለውን ልጅ ከመንግሥት ትምህርት ቤት መከልከል ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወስኗል። ከአጸደ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል ምዝገባው የኢሚግሬሽን ፈቃድን ሊጠይቅ አይችልም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርም የግድ አይደለም።

ኮሌጅ ላይ ነገሩ እንደ ስቴቱ ነው። ዳካ ያለውም ሆነ የሌለው የፌዴራሉን የገንዘብ ድጋፍ አያገኝም። ሜሪላንድ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ባጸናችው ሕግ፣ ቨርጂንያ ከ2020፣ ዋሽንግተን ስቴት ከ2003፣ ሚኒሶታና ኮሎራዶ ከ2013 ጀምሮ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ልጆች የስቴቱን ነዋሪ ክፍያ ፈቅደዋል። በ2001 ቀዳሚ የነበረችው ቴክሳስ በጁን 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ሲከሳት ሕጓ ቀርቷል፤ ሚኒሶታም በዚያው ሰሞን ተከሳለች፤ ስለዚህ በየዓመቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሜሪላንድ ቤተሰቡ የስቴቱን ግብር ያሳወቀበትን ማስረጃ ስለምትጠይቅ፣ በግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ግብር ማሳወቁን ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ መጀመር ይገባል። የግብር መሥሪያ ቤቱ በኤፕሪል 2025 ከኢሚግሬሽን አስከባሪዎች ጋር የመረጃ ልውውጥ ስምምነት መፈራረሙን ግን ያውቁ ዘንድ እጽፋለሁ፤ ከጠበቃ ጋር ይመዝኑት።

7ኛ ደረጃ፦ በር የሚዘጉ ስሕተቶችን ይለዩ

ሁሉን ነገር ሊያበላሽ የሚችለው «አሜሪካዊ ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም ነው። መሥሪያ ቤት ሲቀጠር በሚሞላው አይ-9 ላይ የዜጋውን ሳጥን ምልክት ያደረገ፣ ወይም መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ጸሐፊዋ «ለምርጫ ልመዝግብህ?» ስትለው ሳያስተውል «እሺ» ያለ ወጣት፣ ከ1996 ወዲህ ባለው ሕግ ዕድሜ ልኩን ግሪን ካርድ ሊከለከል ይችላል፤ ይቅርታም የለውም ለማለት ይቻላል። ልጆች «እሺ» ማለት ይቀናቸዋልና ይህን ደጋግመው ይንገሩት። ሁለተኛው ማሪዋና ነው፤ በስቴቱ ሕግ ሱቅ ውስጥ ቢሸጥም በፌዴራል ሕግ ወንጀል ስለሆነ፣ ለመኮንን ማጨሱን ማመን ብቻ ይጎዳዋል። ሦስተኛው ጥቃቅን የሚመስል ስርቆት ነው፤ በጃንዋሪ 2025 የጸናው የሌከን ራይሊ ሕግ ሳይመረመር የገባን ሰው በሱቅ ስርቆት መከሰሱ ብቻ፣ ሳይፈረድበት፣ በእስር እንዲቆይ ያስገድዳል። ከ18 እስከ 25 ያሉ ወንዶች ልጆች፣ ወረቀት ባይኖራቸውም፣ በውትድርና መዝገብ ላይ መስፈራቸው ግዴታ ነው፤ አለመመዝገብ ኋላ በዜግነት ጊዜ ይነሣል።

8ኛ ደረጃ፦ ጠበቃ ይያዙ፣ ለክፉ ቀንም ይዘጋጁ

ፎርም የሚሞላ ሁሉ ጠበቃ አይደለም። በማኅበረሰባችን ውስጥ የትርጉም፣ የግብርና የትኬት ሥራ ከኢሚግሬሽን ጋር ደርበው የሚሠሩ ሰዎች በቅንነት የሞሉት ፎርም ልጆችን ለአደጋ ያጋለጠበት ጊዜ አለ። የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው የስቴት ጠበቆች ማኅበር አባል የሆነ ጠበቃ፣ ወይም የፍትሕ ሚኒስቴር ዕውቅና በሰጠው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ የተፈቀደለት ተወካይ ነው፤ የሁለቱም ስም በይፋ መዝገብ ላይ ይገኛል። ብቻቸውን ለመጡ ልጆች ኪንድ የተባለው ድርጅት፣ በዲሲ አካባቢ አሚካ ሴንተር፣ በሲያትል ኖርዝዌስት ኢሚግራንት ራይትስ ፕሮጀክት አቅም ለሌላቸው ያለ ክፍያ ይሠራሉ። ጠበቃው ባዶ ፎርም ላይ እንዲፈርሙ ቢጠይቅዎ ተነሥተው ይውጡ፤ የገባውን ሁሉ ቅጅ ይቀበሉ።

የኢሚግሬሽን አስከባሪዎች ቤት ቢመጡ፣ ዳኛ የፈረመበት የፍርድ ቤት ትእዛዝ ካልያዙ በር የመክፈት ግዴታ የለብዎትም፤ መሥሪያ ቤቱ በራሱ መኮንን ያስፈረመው ወረቀት ያለ ፈቃድዎ ቤት አያስገባም። ትእዛዙን በበሩ ሥር እንዲያስገቡት ይጠይቁ። ልጁ ውጭ ቢያዝ፣ ዝም የማለትና ጠበቃ የመጠየቅ መብት አለው፤ የሐሰት ወረቀት ማሳየት ግን የለበትም፤ ያልገባውንም ወረቀት እንዳይፈርም አስቀድሞ ይነገረው። ዳካ ያለው የሥራ ፈቃዱን ይያዝ።

በመጨረሻ፣ እስካሁን የተሰበሰበውን ሁሉ፣ አይ-94፣ አሮጌውን ፓስፖርት፣ የልደት ወረቀቱን ከትርጉሙ ጋር፣ የትምህርት ቤት መዝገቡን፣ የቀድሞ ማመልከቻዎችን ቅጅ፣ በአንድ ፋይል አድርገው ወረቀት ባለው ዘመድ ቤት ሁለተኛ ቅጅ ያስቀምጡ። የልጁን የኤ ቁጥር ግን ፋይል ውስጥ ብቻ አይተዉት፤ ልጁም፣ እርስዎም፣ ያ ዘመድም በቃል ይወቁት። የታሰረን ሰው የሚፈልጉበት የመንግሥት ድረ ገጽ የሚሠራው በኤ ቁጥርና በትውልድ አገር ነው፤ በስም ከሆነ ፊደሉ እነርሱ እንደመዘገቡት ሆኖ ካልተጻፈ መልስ አይሰጥም፤ «ኃይለ ሚካኤል» የሚለውን ስም ደግሞ መዝጋቢው መኮንን በስንት ዓይነት ፊደል ሊጽፈው እንደሚችል እርስዎ ያውቁታል።